ከዒላማውና ከደንቡ መካከል፦ የአንዲት ተኳሽ የሙያ ሕይወት



ተኳሽ በፉከራና በቀረርቶ የሚወደስበት አገር ልጆች ነን፤ በኦሊምፒክ ግን የምናውቀው ሯጭን ነው። ዛሬ ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ስመጣ ያለፍሁበት ጎዳና እንኳ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተሰየመ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ማታ፣ ገርጂ በሚገኘው ቤታችን ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና የ10,000 ሜትርን ወርቅ ስትወስድ አየን። በዚያው ኦሊምፒክ ጃንግ ሻን የተባለች የ24 ዓመት ቻይናዊት ያደረገችውን ግን ማናችንም አልሰማንም።

ጃንግ የምትወዳደረው ስኪት በተባለው የሸክላ ዒላማ ተኩስ ነበር። ዒላማው ሸክላ ይባል እንጂ ከዝፍትና ከኖራ ድንጋይ የሚሠራ፣ ወርዱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሳሕን ነው። ተኳሹ በስምንት መቆሚያዎች እየተዘዋወረ በአንድ ዙር 25 ዒላማ ይተኩሳል። ሲጠራ ዒላማው ወዲያው፣ ወይም እስከ 3 ሰከንድ ዘግይቶ ይወነጨፋል፤ እስኪታይ ድረስም የጠመንጃው ሰደፍ ከወገብ አይነሣም።

በባርሴሎና ወንዶችና ሴቶች የተወዳደሩት በአንድነት ነበር። ጃንግ ከፍጻሜው በፊት ከ200 ዒላማ 200ውን መታች፤ በፍጻሜው 23 ጨምራ ወርቁን ወሰደች።

ከዚያ በኋላ ውድድሩ ለወንዶች ብቻ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በአትላንታ ለሴቶች የተዘጋጀ ስኪት ስላልነበረ፣ ባለድሏ ክብሯን የምታስከብርበት መድረክ አጣች። የሴቶች ስኪት በ2000 በሲድኒ ሲጀመር ተመልሳ ተወዳደረች፤ ሜዳልያ ግን አላገኘችም። ስምንት ዓመት ለአንድ ተኳሽ ረጅም ዘመን ነው።

እኔ ለብዙ ጊዜ የስፖርተኛ ሙያ ተሰጥኦና ልፋት ነው እያልሁ አስተምሬአለሁ። ትምህርቴ ጎዶሎ ነበር። የሴቶች 10,000 ሜትር ኦሊምፒክ የገባው በ1988 በሴኡል፣ ከደራርቱ ድል አራት ዓመት ብቻ ቀድሞ ነው። የሴቶች ማራቶንም በ1984 ባይጀመር ኖሮ፣ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የምትሮጥበት ውድድር ባልኖረ ነበር። ጃንግ በተከለከለችበት በዚያው ኦሊምፒክ ፋጡማ ወርቅ አጠለቀች። ሁለቱም ለፍተዋል፤ የለያቸው የውድድሩ ዝርዝር ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ አሠልጣኝ የሚሆን፣ በፌዴሬሽን ተቀምጦ ደንብ የሚያረቅም አለ። አንድ መስመር ከዝርዝሩ ስትሰርዙ፣ በዚያ መስመር ላይ ስንት ዓመት የተዘጋጀች ሴት እንዳለች አስቀድማችሁ ጠይቁ።