«ጎ» ስለምትባለው የእንግሊዝኛ ግሥ



 የንግግራችን ርእስ «ጎ» የምትባለው ትንሽ የእንግሊዝኛ ግሥ ናት። ሁላችንም በልጅነታችን «ጎ ማለት ሄደ ማለት ነው» ብለን አጥንተናታል። ነገር ግን ይህ ትርጉም ብቻውን ሩቅ አያደርስም።

የፈተና ወረቀት መልሳችሁን «ጎ ኦቨር» አድርጉ ሲለን፣ የጻፋችሁትን እንደገና መርምሩ ማለቱ ነው። ቃል በቃል የሚተረጕም ተማሪ ግን «በላዩ ሂዱ» ብሎ ግራ ሲጋባ ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ ያልፈዋል። «ጎ ኦን» ቀጥል ማለት ነው። «ጎ ኦፍ» ከዚህ የባሰ ያስቸግራል፤ ስለ መብራት ሲነገር ጠፋ፣ ስለ ማንቂያ ደወል ሲነገር ጮኸ፣ ስለ ወተት ሲነገር ተበላሸ ማለት ነው። «ጎይንግ ቱ» ደግሞ የትንቢት ምልክት ስለሆነ፣ ማንም ወደ የትም ሳይሄድ «ሊዘንብ ነው» ለማለት ያገለግላል።

ኀላፊዋ «ወንት» መሆኑም ብዙዎቻችንን ያስገርማል። «ወንት» በመሠረቱ «ዌንድ» የሚባል የሌላ ግሥ ኀላፊ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ የጥንቱን ኀላፊ አስለቅቆ ቦታውን ያዘ። ይህን እንደ ጉድ አንቍጠረው። እኛስ መጣ፣ ይመጣል ብለን ስናበቃ በትእዛዝ «ና» እንል የለምን? እናታችን ስትጠራንም ከተቀመጥንበት ሳንነሣ «መጣሁ» እንላለን። ቃሉን ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ደርሰናል ብሎ በር በሩን ያያል!

በሁለተኛ ደረጃ የሒሳቡም የሳይንሱም ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጠን፣ አንዲት ግሥ በትክክል ሳትገባን ብትቀር የምንጐዳው በቋንቋው ትምህርት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ግሥን ከነጓደኛዋ፣ ከነሙሉ ዐረፍተ ነገርዋ በደብተራችን እየጻፍን እናጥና። ወላጆቻችንም «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «በምን ዐረፍተ ነገር ይገባል?» እያላችሁ ጠይቁን።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በዚህ ተረት ውስጥ «ይሄዳል» ምን ማለት እንደሆነ የተረዳ ሰው፣ «ጎ»ንም ለመረዳት አያቅተውም።