ጥላው በብሩሽ የሚሠራ ልብስ



ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በ1፡35 ሚዛን ሞዴል ሆኖ ሲሠራ 5 ሳንቲሜትር ይሆናል። ኮቱም፣ ቁልፉም፣ በክርኑ ላይ ያለው እጥፋትም በዚያው መጠን ያንሳሉ። ብርሃኑ ግን የኛው የቤት ብርሃን ነው። እጥፋቱ የሚጥለው ጥላ እንደ ክር ስለሚቀጥን ከክንድ ርቀት አይታይም፤ ልብሱ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀቢው ጥላውን ራሱ በቀለም ይፈጥረዋል።

የእንግሊዙ አሻንጉሊት አምራች ብሪተንስ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የእርሳስ ወታደሮችን ሲያወጣ፣ ቀይ ኮታቸው አንድ ወጥ በሚያብረቀርቅ ቀለም ይቀባ ነበር። ለአሻንጉሊት ያ ይበቃል፤ እኔም እወደዋለሁ።

ለሞዴል ግን አይበቃም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1815 ዋተርሉ ላይ የተዋጋውን የእንግሊዝ እግረኛ እንውሰድ። የተራው ወታደር ኮት ከተክል ሥር በሚወጣ ቀለም የተነከረ በመሆኑ ወደ ሸክላ የሚያደላ ደብዛዛ ቀይ ነው። የመኮንኑ ደግሞ ኮቺኒል ከምትባል ነፍሳት የተገኘ ደማቅ ቀይ። ገና ጥላ ሳይጀመር ሁለት ቀይ አለን ማለት ነው። ቀዩን ለማፍካት ነጭ የጨመረ ሰው ሮዝ ኮት ያገኛል፤ ብርቱካናማ ይጨምር። ለማጨለም ጥቁር ከጨመረ ቀለሙ ይቆሽሻል፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሻላል። ብርሃኑ ከላይ እንደሚመጣ አስቡት፦ ትከሻና የእጥፋቱ ጀርባ ይፈካሉ፣ ብብትና ከቀበቶ ሥር ያለው ይጨልማሉ። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ በውኃ እያቀጠኑ ደራርቦ መቀባት ነው። የዘይት ቀለም ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ጨለማውንና ብርሃኑን እዚያው ምስሉ ላይ ማዋሐድ ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው መቀነቱ ነው። መኮንኑም ሳጅኑም ጠለቅ ያለ ቀይ መቀነት ይታጠቃሉ፤ የመኮንኑ ሐር፣ የሳጅኑ ሱፍ፣ መሐሉ ላይ የሬጅመንቱ መለያ ቀለም ያለበት መስመር የገባበት። ሐር ብርሃኑን መልሶ ይወረውራል፤ ቀጭን ፍካት ከጥቁረቱ አጠገብ በድንገት ይቆማል። ሱፍ ግን ይውጠዋል፤ ፍካቱ ሰፊና የደበዘዘ፣ ሽግግሩም የዘገየ መሆን አለበት። ዛሬ ብዙ ቀቢዎች ዓይን ለመሳብ ሁሉንም ልብስ እኩል ያፈካሉ። ውጤቱ የሚያምር ይመስላል፤ የሱፉ ኮት ግን ቆርቆሮ ይሆናል፣ ሳጅኑም ሳያስበው ይሾማል።