ኔዋሮች ከሸለቋቸው ውጭ

አንባቢ ሆይ፤ በዛሬው ንግግር ስሙ በአገራችን እምብዛም ስለማይነሣ ስለ አንድ ሕዝብ ጥቂት ለመናገር አስቤአለሁ። ይህ ሕዝብ ኔዋር ይባላል፤ የጥንት መኖሪያውም በሂማላያ ተራሮች አገር በኔፓል፤ በካትማንዱ ሸለቆ ውስጥ ነው። ዛሬ የመላው አገር መጠሪያ የሆነው «ኔፓል» የሚለው ስም እንኳ ቀድሞ የዚህ የአንድ ሸለቆ ስም ብቻ ነበር። የምናገረው ግን በሸለቆው ስለ ቀሩት ሳይሆን፤ ይልቁንም ከዚያ ወጥተው ወደ ቲቤት፤ ወደ ሲኪም፤ በቅርቡም ወደ እንግሊዝ አገር ስለ ሄዱት ነው። ሊቃውንት በነዚህ ሰዎች ላይ ያደረጉት ምርምር፤ አንድ ሕዝብ መሬቱን ለቆ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድና ምን ጥሎ እንደሚሄድ ያሳያልና። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ኔዋሮች ነጋዴዎችና የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች ናቸው። ከጠቢባኑ ሁሉ ስሙ የገነነው አርኒኮ ነው፤ እርሱም በ1260 ዓ.ም. ሰማንያ ያህል ባለሙያዎችን እየመራ ወደ ቲቤት ሄደ፤ ከዚያም ኩብላይ ካን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠርቶት ኑሮውን በቻይና አደረገ፤ በዚያውም በ1306 ሞተ። ያሠራው ነጭ የቡድሃ ቤተ ጸሎት እስከ ዛሬ በቤይጂንግ ከተማ ቆሞ ይታያል።

ከአርኒኮ በኋላ በዚያው መንገድ የሄዱት ነጋዴዎች ናቸው። በቲቤት ዋና ከተማ በላሳ ሱቅ ከፍተው ጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ዕቃ እያስገቡ፤ የበግ ሱፍ እያስወጡ ለብዙ ዘመን ኖሩ። በ1856 በኔፓልና በቲቤት መካከል የተደረገው ውል ቀረጥ ሳይከፍሉ እንዲነግዱ ፈቀደላቸው፤ መንግሥታቸውም በላሳ እንደራሴ አቆመ። ነጋዴው ከቤቱ ተለይቶ ብዙ ዓመት ይቆይ ስለ ነበረ፤ ብዙዎቹ በዚያ የቲቤት ሴት አግብተው ልጆች ወልደዋል። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ወንድ ልጅ የኔፓል ሰው ተብሎ ሲቆጠር፤ እኅቱ ግን የእናቷ አገር ሰው ሆና ትቀር ነበር። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ወንድምና እኅት የሁለት መንግሥታት ዜጎች ሆኑ ማለት ነው። ማንነት የሚባለው ነገር ከደም ይልቅ በሰው ሥርዓት እንደሚወሰን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። ነጋዴዎቹ በላሳ ሳሉ ፓላ በሚባሉ ማኅበሮች ተሰብስበው በዓላቸውንና ግብራቸውን በኅብረት ያደርጉ ነበር። በ1962 በህንድና በቻይና መካከል ጦርነት ተነሥቶ የሲኪም መንገድ ሲዘጋ ግን ይህ የጥንት ንግድ አበቃ።

ሌላው መበተን ከጦርነት በኋላ የመጣ ነው። ካትማንዱን፤ ፓታንንና ባክታፑርን ይገዙ የነበሩትን የማላ ነገሥታት የጎርካው ንጉሥ ፕሪትቪ ናራያን ሻህ በ1768 እና በ1769 ድል አድርጎ ሦስቱንም ከተሞች ያዘ። ኔዋሮች በዚህ መንግሥታቸውን አጡ። ይሁን እንጂ ድል አድራጊው መንግሥት ሲሰፋ ገበያውም አብሮ ስለ ሰፋ፤ ኔዋሮች እስከ ሩቁ ተራራማ አገር ድረስ ሄደው እንደ ባንዲፑርና ታንሰን፤ እንደ ቦጅፑርና ቻይንፑር ባሉ የገበያ ከተሞች ሰፈሩ። ቶድ ሉዊስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከኔዋሩ ከዳያ ራትና ሻክያ ጋር በ1988 ያወጣው ጥናት በምሥራቅ ስላሉት ስለነዚህ ሰፈሮች የሚናገር ነው። ከዚያም አልፈው ወደ ዳርጂሊንግና ወደ ሲኪም ተሻገሩ። በሲኪም ላክሽሚዳስ ፕራዳን የተባለው ኔዋር በ1880ዎቹ ዓመታት መዳብ ለማውጣትና ገንዘብ ለማተም ፈቃድ አግኝቶ ነበር።

ኔዋሮች ኔፓል ባሻ የሚሉት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ጥንታዊ ጽሑፍም አላቸው። ነገር ግን የራና ወገን ጠቅላይ ሚኒስትሮች እስከ 1951 ድረስ አገሩን በገዙበት ዘመን በዚህ ቋንቋ መጻፍ ያሳስር ነበር። ከላሳ ነጋዴዎች ቤተ ሰብ የተወለደው ባለቅኔ ቺታዳር ህሪዳያ በ1941 ታስሮ፤ የቡድሃን ሕይወት የሚተርከውን ትልቅ ቅኔውን «ሱጋታ ሳውራባ»ን የጻፈው በወህኒ ቤት ነው። በ1944 ደግሞ የቡድሃ መነኮሳት ከአገር ተባረሩ፤ ከጥፋታቸውም አንዱ በዚህ ቋንቋ ማስተማራቸው ነበር። እንግዲህ አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ የኔፓል ባሻ የመጀመሪያው መጽሔት በ1925 የታተመው በካትማንዱ ሳይሆን በህንድ አገር በካልካታ ነው። በ1947 «ዳርሞዳያ» የተባለው መጽሔት የወጣውም ከካሊምፖንግ ነበር። በአገር ቤት የተከለከለውን ቃል በሰው አገር ያሉት ጠበቁት። የራዲዮም ነገር አለ። የኔፓል መንግሥት ራዲዮ በዚህ ቋንቋ ያሰማው የነበረውን ዜና በ1965 አቋረጠ፤ ኔዋሮችም ተቃውሞአቸውን በየሰፈሩ የቅኔና የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ በማድረግ ገለጡ፤ የታሰሩም ነበሩ። ዜናው እንደገና የተሰማው ከ1990ው የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። ሥራዬ በራዲዮ መናገር ስለ ሆነ፤ በአንድ ቀን ትእዛዝ ዝም የሚል ቋንቋ ምን ያህል አድማጭ ብቻውን እንደሚተው ለመገመት አይቸግረኝም።

ቋንቋ ብቻውን ግን ኔዋርን ኔዋር አላደረገውም። ከመካከላቸው ሂንዱም ቡድሂስትም አለ፤ በትውልድ ሙያም ካህኑ፤ ነጋዴው፤ ገበሬው፤ ሥጋ ሻጩ ተለያይተው የሚኖሩ ወገኖች ናቸው። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው ጉቲ የሚሉት ማኅበር ነው። አንዱ ጉቲ የአምላክን በዓል ያከብራል፤ «ሲ ጉቲ» የሚባለው ደግሞ አባሉ ሲሞት ሬሳውን ተሸክሞ ሥርዓተ ቀብሩን ይፈጽማል። ለእኛ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ማኅበርና እድር ብንል ይበቃል። ወገኖቻችንም በአሜሪካና በአውሮፓ ሲሰፍሩ አስቀድመው ከሚያቋቁሙት አንዱ እድር ነው። ልዩነቱ ግን በአገር ቤት ብዙው ጉቲ መሬት ያለው፤ በመሬቱም ገቢ የሚተዳደር መሆኑ ነው። ስለዚህም የኔፓል መንግሥት በ2019 የጉቲን አስተዳደር የሚለውጥ ሕግ ባረቀቀ ጊዜ በካትማንዱ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ መንግሥትም ረቂቁን መለሰው።

በሰው አገር ያለ ጉቲ ግን መሬት የለውም፤ ሁሉም ወገኖች አይገኙለትም። የኔዋር ሥርዓት የብዙ ሰው እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ይጸልያል፤ አንዱ ሸክላውን ይሠራል፤ አንዱ ከበሮውን ይመታል። ጥቂት ቤተ ሰቦች ወደ አንድ ተራራ ቢሰደዱ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣሉ? በሲኪም የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ያሉ ኔዋሮች አብዛኞቹ «ፕራዳን» በሚለው አንድ ስም ተጠሩ፤ በቤታቸውም ኔፓልኛ መናገር ጀምረው የአባቶቻቸውን ቋንቋ ተዉ። ሳንኩ በምትባለው የኔዋር ከተማ የተወለደውና በኔዘርላንድ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ባል ጎፓል ሽሬስታ ስለነዚህ ሰዎች በ2015 አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ከመጽሐፉም እንደምንረዳው፤ የሲኪም ኔዋሮች የጠፋባቸውን ፍለጋ ወደ ካትማንዱ ተመለሱ፤ ከዚያም የቋንቋ መምህርና ሥርዓት ዐዋቂ አስመጡ። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ቤል ከሚባለው ፍሬ ጋር የምትጋባበትን «ኢሂ» የሚባለውን ሥርዓት እንደገና ጀመሩ፤ በዚህ ሥርዓት ያለፈች ሴት ባሏ ቢሞትም መበለት አትባልም። በ1995ም የሲኪም መንግሥት ቋንቋቸውን ከክፍለ ሀገሩ የሥራ ቋንቋዎች መካከል ቆጠረው።

ሊቁ በመጽሐፉ ርእስ ላይ ይህን ነገር «እንደገና መፍጠር» ይለዋል። ቃሉ አንዳንዱን ሰው ያስከፋ ይሆናል፤ የተፈጠረ ባህል እውነተኛ ነውን? ይል ይሆናልና። በእኔ አስተያየት ግን በሸለቆው የተቀመጠውም ኔዋር ከዚህ ሥራ ነጻ አይደለም። በ2011 በተደረገው የኔፓል ሕዝብ ቆጠራ 1,321,933 ሰዎች ኔዋር ነን ሲሉ፤ ኔፓል ባሻን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አድርገው ያስመዘገቡት 846,557 ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ በገዛ አገሩ ተቀምጦ ቋንቋውን ትቶአል ማለት ነው። የሲኪሙ ሰው ቢያንስ የጎደለበትን ያውቃል፤ ለመሙላትም መምህር ይቀጥራል። ሆኖም በዓልን ከቋንቋው ነጥሎ መያዝ የሚቻል ቢሆንም፤ ጸሎቱን የማይረዳ ወጣት እስከ መቼ ለማክበር ይመጣል የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም።

ጥያቄው አሁን ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሯል። የኦክስፎርዱ ሊቅ ዴቪድ ጌልነርና ባልደረቦቹ በዚያ የሚኖሩ ኔፓላውያንን ሃይማኖታዊ ኑሮ አጥንተዋል፤ ኔዋሮችም በ2000 «ፓሳ ፑቻ ጉቲ» የሚባል ማኅበር አቋቁመዋል። ኔዋሮች እንደ እኛው የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ ከ879 ዓ.ም. የሚጀምር ሲሆን አዲሱ ዓመትም በጥቅምት ወይም በኅዳር ይገባል። በዚያን ቀን ምሽት «ምሃ ፑጃ» የሚባል ሥርዓት ይደረጋል። የቤቱ ሰዎች በወለሉ ላይ በተርታ ይቀመጣሉ፤ በየአንዳንዱም ሰው ፊት በዱቄት የተሣለ ክብ ምልክት አለ፤ እያንዳንዱም የራሱን ሕይወት አክብሮ መብራትና ፍሬ ይቀበላል። በለንደን ያሉት ይህን በዓል ማኅበርተኛው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ በጋራ ያከብረዋል። በካትማንዱ ግን ሥርዓቱ ዛሬም የቤት ነው፤ በብዙ ቤትም እናቲቱ ክቡን ስትሥል፤ በውጭ አገር ላለው ልጅዋ የሚሆነውን ከወንድሞቹ ምልክት አጠገብ ትሥልለታለች።