በጀበናዋ እንጠጣለን፣ ቤቷ ግን አንገባም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው የሸክላ ሠሪ ሴቶችን ነገር ነው። ጀበና የሌለው ቤት የለንም፤ ምጣዱም የወጥ ድስቱም አይታጣም። አፈሩን በጀርባዋ ተሸክማ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ አቡክታ፣ በእጇ ቅርጽ ሰጥታ የምትተኩሰው ሴት ግን በአገራችን ብዙ ቦታ «ቡዳ» ትባላለች። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ ያሉት ባለሙያዎችም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፣ ስድቡ ግን አልሞተም።

ሀዋርድ ቤከር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አፈንጋጭነት በሥራው ውስጥ ያለ ነገር ሳይሆን ሌሎች ደንብ አውጥተው በሰው ላይ የሚለጥፉት ስም ነው ይላል። እውነቱን ነው። ጭቃ ማቡካት ምን ነውር አለው? እኛስ ሊጥ እናቦካ የለም እንዴ? ስሙ አንዴ ከተለጠፈ ግን ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆናል። ሕፃን ቢታመም «በላችው» ይባላል። አንገቷን ብትደፋ የምትደብቀው አላት፤ ቀና ብላ ብታይ ደግሞ ልትበላ ነው።

ስንቶቻችን ይህን ከልባችን እናምናለን? ለብቻ ሲጠየቅ ብዙው ሰው «እኔስ አላምንም፣ ግን ሰው ምን ይለኛል» ነው መልሱ። ይሉኝታ! እያንዳንዷ ጎረቤቷ ታምናለች ብላ ትፈራለች፤ ጎረቤቷም እሷን ትፈራለች። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎችን ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት አስለካ። ሌሎቹ ቀድመው ተመካክረው ስሕተት ሲመልሱ፣ ከተፈተኑት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ተከተሏቸው። ከመካከላቸው አንድ ሰው እውነቱን ሲናገር ግን መከተሉ እጅግ ቀነሰ። አንድ ሰው ብቻ!

ለጋሾቻችን፣ ለመሥሪያ ቦታውና ለእቶኑ ስለምትረዱን እናመሰግናለን። ይህኛው ሥራ ግን የእኛው የአባላቱ ነው፤ በገንዘብ አይሠራም።

የሚቀጥለው ወር የቡና ተረኛ ሸክላ ሠሪ አባላችን ናት። ባለፈው ተራዋ የሄድነው አራት ብቻ ነበርን፤ ቆሎውም ፈንዲሻውም ተረፈ። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነኝ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።