ስለ መጠራትና ስለ ፍርሃት

በእብናት ደብር በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል በኦሪት ሕግ የታዘዘ ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ሃምሳኛው ዓመት ሲደርስ መለከት ይነፋ ነበር፤ ድምፁም በተሰማ ጊዜ ባሪያው አርነት ይወጣ፥ ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። ነገር ግን መለከቱ ቢነፋ፥ ባሪያውም ሰምቶ ከተቀመጠበት ባይነሣ፥ የወጣለት አርነት ምን ይጠቅመዋል? መለከቱን መንፋት የካህኑ ሥራ ነው፤ ተነሥቶ መሄድ ግን የሰሚው ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ሊነገር የሚገባው፥ እግዚአብሔር ሰውን ለሥራ ሲጠራው በሰው ልብ ስለሚነሣው ፍርሃት ነው።

ፍርሃት ሁሉ ክፉ አይደለም። ሊቃውንት ፈሪሃ እግዚአብሔርን ከጥበብ ሁሉ ያስቀድሟታል፤ እርስዋ ሰውን ከኃጢአት ታሸሸዋለች እንጂ ከሥራ አታሸሸውምና። ሌላው ፍርሃት ግን ለሰው ድካምን፥ የሰው አፍን፥ የእንጀራ ማጣትን፥ ሞትንም እያሳየ ከተጠራበት ስፍራ ያስቀረዋል። ይህም ፍርሃት በገዛ መልኩ አይመጣም፤ የትሕትና ልብስ ለብሶ ይመጣል እንጂ።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን አይስተውም። ባለቅኔ ሰሙን ከላይ አድርጎ ወርቁን ከውስጥ ይሰውራል። የተጠራ ሰውም «እኔ ለዚህ አልበቃም» ባለ ጊዜ የቃሉ ሰም ትሕትና ነው፤ ወርቁ ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በቅኔ የተሰወረው ከተገለጠው ይበልጣል፤ በሰበብ ግን የተሰወረው ከተገለጠው ያንሳል።

ሙሴን ተመልከቱ። በኮሬብ ተራራ ቍጥቋጦው እየነደደ ሳይቃጠል አይቶ፥ የአምላክንም ድምፅ በጆሮው ሰምቶ ሳለ፥ ወደ ፈርዖን እንዳይሄድ አምስት ጊዜ ምክንያት አቀረበ። አስቀድሞ ማንነቱን አሳነሰ፤ ከዚያ የላኪውን ስም ጠየቀ፤ ከዚያ ሕዝቡ አያምነኝም አለ፤ ከዚያ አፉ ኰልታፋ መሆኑን ተናገረ፤ በመጨረሻም ሰበቡ ሁሉ ባለቀ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲላክ ለመነ። የፊተኞቹ አራት ቃላት ሰሙ ናቸው፤ ወርቁ በአምስተኛው ተገለጠ፤ መሄድ አልፈለገም ነበርና። እግዚአብሔር ግን ስለ ፍርሃቱ አልጣለውም። ተቈጣው፤ ደግሞም ወንድሙን አሮንን አፍ እንዲሆነው ሰጠው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፤ መፍራት ከጥሪ አያወጣም፤ ጥሪም ፍርሃት እስኪያልፍ አይጠብቅም።

እንግዲህ ትሕትናና ፍርሃት ቃላቸው አንድ ከሆነ በምን ይለያሉ ቢባል፥ በእግራቸው ይለያሉ። ትሕትና አልችልም ብላ ወደ መምህር ትሄዳለች፤ ፍርሃት አልችልም ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሳይማርና ሳይመረጥ ወደ መቅደስ የሚሮጥ ሰው ደፋር ነውና አይመሰገንም፤ ነገር ግን አባቶች መርምረው ና ካሉት በኋላ አልበቃም እያለ የሚቀመጠው፥ የአባቶችን ምርመራ ንቆ የራሱን ፍርድ ያጸናል እንጂ ትሑት አይባልም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን ሰው ለእብናት ሩቅ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባው ብሎ ነበር፤ መምህሩም ቢገርፈው ሸሽቶ ከአገሩ ወጣ። ገድሉ እንደሚናገር በመንገድ ከዛፍ ጥላ በታች ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ፍሬውን ልትበላ ወደ ዛፉ ስትወጣ አየ። ትሏ ደጋግማ ወደቀች፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰች። ያሬድም ይህን አይቶ አለቀሰ፤ ወደ አጎቱም ተመልሶ ይቅርታ ለምኖ ትምህርቱን እንደገና ጀመረ። ልብ በሉ፤ ያሬድ ከዛፉ ሥር በተነሣ ጊዜ ምንም ዕውቀት አልተጨመረለትም፤ ዜማም ገና አልተገለጠለትም። የተለወጠው የእግሩ መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በንጉሡ በገብረ መስቀል ዘመን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ድጓን፥ ጾመ ድጓን፥ ምዕራፍን፥ ዝማሬን፥ መዋሥዕትን ሠራ።

በጋይንት ምድር ያለችው ዙር አምባ ያሬድ ዝማሬን ያዜመባት ስፍራ እንደ ሆነች ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትውፊት አለ፤ እስከ ዛሬም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት እርስዋ ናት። በዚያው በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ስለዚህ በዚህ ደብር ሌሊቱን ማኅሌት በቆመ ቍጥር፥ የሚሰማው ዜማ ሸሽቶ የተመለሰ ልጅ ዜማ ነው። ያ ልጅ በሸሸበት ቀርቶ ቢሆን፥ መቋሚያውና ጸናጽሉ ከየት በመጣ ነበር?

ሁለተኛው ምስክር ሐምሌ 26 ቀን የሚታሰበው አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ነው። ስሙ አስቀድሞ ፍሬምናጦስ ነበር፤ አገሩም ጢሮስ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በመርከብ ሲሄድ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተማርኮ ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ገባ። ብዙ ዘመን አገልግሎ ወደ አገሩ እንዲመለስ አርነት በተሰጠው ጊዜ፥ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ወደ ወላጆቹ ሄደ፤ በዚህም የሚነቅፈው የለም። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወረደ፤ ሊቀ ጳጳሱን ቅዱስ አትናቴዎስንም በአክሱም ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲልክላቸው ለመነው። የሄደው ሌላ ሰው ሊያስልክ ነበር። አትናቴዎስም ነገሩን ከሰማ በኋላ ከአንተ የሚሻል ከየት ይገኛል ብሎ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ ላከው። ለሌላው የለመነው ሸክም በገዛ ትከሻው ላይ ወደቀ። ወላጆቹ ያሉባት ጢሮስ ቅርብ ነበረች፤ አክሱም ሩቅ ነበረች፤ እርሱ ግን ወደ ሩቂቱ ተመለሰ። ብዙ ምእመን ለደብሩ ሰባኪ፥ ለሰንበት ትምህርት መምህር፥ ለድኆች መጋቢ እንዲመጣ ሲጸልይ ይሰማል። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚጸልይ ሰው መልሱ የራሱ ስም ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል ይወቅ።

ይኸው አትናቴዎስ በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ለአንድ መነኩሴ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ድራኮንትዮስ የሚባል አበ ምኔት በግብፅ ሄርሞፖሊስ ለምትባል ከተማ ጳጳስ ሆኖ ተመርጦ ሳለ ሸሽቶ ተሰወረ። የዘመኑ ስደት ያስፈራ ነበር፤ ደግሞም ጵጵስና የምንኵስናን ንጽሕና ያጠፋል ብለው የመከሩት ሰዎች ነበሩ። አትናቴዎስም ከተናገረው ነገር ሁሉ የሚጠነክረው ይህ ነው፤ ከአንተ በፊት የነበሩት ሁሉ እንደ አንተ መካሪዎች አስበው ቢሆን፥ የሚያጠምቅ ጳጳስ ባልተገኘ፥ አንተም ክርስቲያን ባልሆንህ ነበር አለው። ድራኮንትዮስም ሹመቱን ተቀበለ፤ ኋላም ስለ ሃይማኖቱ ተሰደደ። የፈራው ነገር አልቀረለትም፤ ነገር ግን በፈራው ነገር ውስጥ ጸንቶ ተገኘ።

ስለዚህ ጥሪን የተቀበለ ሰው ክፉ አያገኘውም ብሎ ማስተማር ሐሰት ነው። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተቀበሉት ኢትዮጵያውያን አባቶች መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል ነበሩ። ከአባ ሰላማ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ የኢትዮጵያ ጳጳሳት ከግብፅ ይመጡ ስለ ነበረ፥ ያ ቀን ለአገር ሁሉ የደስታ ቀን ነበር። ነገር ግን ሰባት ዓመት ባለፈ ጊዜ ያ ክብር ደምን ጠየቀ። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ይዘው ሳለ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ፥ ለጣልያንም መገዛትን እንዲሰብኩ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ እንዲሁ ተገደሉ። እንደዚህ ያለ ጽናት በሞት ፊት በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም። አስቀድሞ በትንሹ ነገር እሺ ማለትን የለመደ ሰው በትልቁ ነገር እንቢ ማለትን ያውቃል፤ በትንሹ ነገር መሸሽን የለመደ ግን በትልቁ ቀን እግሩ የለመደውን መንገድ ይሄዳል።

ትንሹ ነገር የትኛው ነው ቢሉ፥ በዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ልጅ ማሰብ ይበቃል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በትሩን ይዞ ከእናቱ ቤት የሚወጣ ተማሪ ገና ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱ ታለቅሳለች፤ በየደጁ ውሻ አለ፤ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ሲቆም የሚሰጠውም የሚያባርረውም አለ። ቅኔ ቤት በገባም ጊዜ የመጀመሪያውን ጉባኤ ቃና በመምህሩ ፊት ለመንገር ሲነሣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም ይስቁ ይሆናል። ነገር ግን ሳይነግር የቀረ ተማሪ ሳይታረም ይቀራል፤ ያልታረመም ባለቅኔ አይሆንም። ፍርሃትን የሚያሸንፈው ደፋር ሆኖ መወለድ አይደለም፤ እየተንቀጠቀጡ መነሣት ነው።

የእብናት ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ ይህ ነገር ስለ ጥንት ሰዎች ብቻ የሚነገር አይምሰላችሁ። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልኡካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። አንዱ ሲጐድል የአራቱ መገኘት አይበቃም። በገጠር ከእነዚህ አምስቱ አንዱ እየታጣ ቅዳሴ የተቋረጠባቸው፥ በራቸውም የተዘጋ አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸው የታወቀ ነው። ያን በር ጠላት አልዘጋውም፤ እሳትም አላቃጠለውም። የዘጋው፥ ልጄ ቢራብስ ያለው አባት፥ ሰው ቢስቅብኝስ ያለው ወጣት፥ ሌላ ሰው አይታጣም ያለው ጎረቤት ነው። እያንዳንዱ የተናገረው ትንሽ ቃል ነው፤ ቃላቸው ሲደመር ግን የመቅደስ መዝጊያ ሆነ። በእርግጥ የተማሪውን መራብ መፍራት ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ ስለዚህ ልጁን ለመስጠት የማይችል ምእመን የሌላውን ልጅ ማብላት ይችላል። መምህሩን ከነጉባኤው የሚያኖር የምእመኑ እጅ ነውና።

የእግዚአብሔር ጥሪ ለካህናት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከልዩ ልዩ ስፍራ በረኀብ የተነቀለ ሕዝብ በብዙ ሺህ ሆኖ በእብናት መጠለያ ተሰብስቦ ነበር። ያን ጊዜ ለተጠማ ውሃ ለማቀበል፥ ወላጅ የሞተበትን ሕፃን ለማንሣት፥ ሙትን ለመቅበር ማዕርግ የጠየቀ አልነበረም። በሽታን መፍራት ይገባ ነበር፤ የራስ ጎተራ መጉደልም እውነተኛ ፍርሃት ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ጥሪ በራእይ ወይም በነበልባል አይመጣም፤ በደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ ሰው ሆኖ ይመጣል። ሙሴ የሚነደውን ቍጥቋጦ ለማየት መንገዱን ተወ፤ ክርስቲያን ደግሞ የተራበውን ለማየት መንገዱን ይተዋል።

እንግዲህ ፍርሃት የያዘው ሰው ምን ያድርግ? አንደኛ፥ ፍርሃቱን በስሙ ይጥራ እንጂ ትሕትና ብሎ አይሸፍነው፤ ለንስሓ አባቱም ፈራሁ ብሎ ይንገር። ያልተገለጠ ቍስል አይታከምምና። ሁለተኛ፥ ብቻውን አይሂድ፤ ሙሴ አሮንን እንዳገኘ እርሱም ወንድሙን ይፈልግ። ብቻውን መዘመር የሚያፍር ከጓደኛው ጋር ይቁም፤ ብቻዋን ድኻ ለመጠየቅ የምትፈራ ከጎረቤትዋ ጋር ትሂድ። ሦስተኛ፥ ሥራውን ሁሉ በአንድ ቀን አይመልከት፤ ትሏ ዛፉን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልወጣችም። ዛሬ የሚቻለውን ዛሬ ያድርግ፤ ቢወድቅም ከወደቀበት ይጀምር።

ካህናት ሆይ፤ እናንተም የሚፈራውን ልጅ አታሳፍሩት። ያሬድ በተመለሰ ጊዜ አባ ጌዴዎን በሩን ዘግቶበት ቢሆን ዜማው ከደጅ በቀረ ነበር። መምህሩ ግን ተቀበለው። ሸሽቶ ለሚመለስ በር መክፈት ደግሞ ራሱ ጥሪ ነው።

ይህ ደብር ለዚህ በዓል የደረሰው ያልፈሩ ሰዎች ስለ ነበሩት አይደለም። ድንጋይ የተሸከሙት፥ በሌሊት ብርድ ኪዳን ያደረሱት፥ ልጃቸውን ለትምህርት የሰጡት ሁሉ ፈርተው ነበር፤ ነገር ግን እየፈሩ ሄዱ። ከዚህ በኋላ የሚመጡትም ልጆች በዚህ መቅደስ የሚያጠምቅ ካህን፥ የሚቀድስ ልኡክ፥ የሚያጽናና ጎረቤት ያገኙ እንደ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ከቆሙት መካከል እየፈራ እሺ ያለ ሰው ስለ ተገኘ ይሆናል። መለከቱ ተነፍቶአል፤ የቀረው መነሣት ነው።

ለሙሴ አሮንን የሰጠ፥ ያሬድን ከዛፉ ጥላ የመለሰ፥ አባ ሰላማን ወደ ሩቅ አገር የላከ አምላክ፥ ለተጠሩት ሁሉ የሚነሡበትን ጉልበት ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ለዘለዓለሙ፤ አሜን።