ለቤተሰብ ተብሎ የታቀደ ቦታ
(በወላጆች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ርዕስ መጀመሪያ ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የምናገረው ስለ መዝናኛ ፓርክ ነውና። «የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርትና የሥራ ችግር እያለብን ስለ ሉና ፓርክ ምን አስወራን?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ጥቂት ታገሡኝ። በአሜሪካ አገር አንድ ትልቅ ፓርክ ለቤተሰብ የሚሆን አዲስ ሰፈር ልሠራ ነው ባለ ጊዜ የፓርኩ ወዳጆች ያደረጉትን ክርክር ላጫውታችሁ እፈልጋለሁ። በእኛም ሰፈር መጫወቻ ቦታ ሲታቀድ፣ መትናስ ሲታደስ፣ መናፈሻ ሲቆረስ ያው ክርክር ይመጣልና።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ እንይ። ዋልት ዲስኒ የተባለው የፊልም ሰው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ግሪፊዝ ፓርክ በሚባለው መናፈሻ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹን የእንጨት ፈረስ በሚዞርበት ካሩሴላ ላይ እያሳፈረ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። ልጆቹ ይጫወታሉ፤ አባት ይቀመጣል። «ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ለምን አይኖርም?» የሚለው ሐሳብ የመጣለት እዚያ ወንበር ላይ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ከዚያም ጁላይ 17 ቀን 1955 ዲስኒላንድ በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም ከተማ ተከፈተ። እርሱ ከሞተ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ደግሞ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1971፣ ማጂክ ኪንግደም የሚባለው ፓርክ በፍሎሪዳ በሩን ከፈተ። ያን አግዳሚ ወንበር አትርሱብኝ። ለቤተሰብ የተባለ ቦታ ሁሉ መመዘን ያለበት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወንበሩ ላይ የሚቀረው ማነው? የሚል ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በሴፕቴምበር 2009 ኩባንያው በአናሃይም ባደረገው የወዳጆቹ ትልቅ ጉባኤ ላይ፣ በፍሎሪዳው ፓርክ ውስጥ ፋንታሲላንድ የተባለውን የተረት ሰፈር በሰፊው ላሳድግ ነው ብሎ ዕቅዱን በሥዕል አሳየ። በዕቅዱ ውስጥ ልጆች ሲንደሬላን፣ እንቅልፋሟን ልዕልትና ቤልን በአካል እያገኙ የሚጫወቱባቸው ቤቶች ነበሩበት። ቲንከር ቤል ለምትባለው ክንፍ ላላት ትንሽ የተረት ፍጡርና ለጓደኞቿም ራሱን የቻለ ሰፈር ተመድቦላቸው ነበር። በባሕር ውስጥ ስለምትኖረው ልዕልት የሚሳፈሩበት ጨዋታ፣ በአውሬው ቤተ መንግሥት ውስጥም ምግብ ቤት ነበረበት። ዱምቦ የተባለው በራሪ ዝሆንም በእጥፍ ሊያድግ ታስቧል።

የፓርኩ ወዳጆች ግን ሥዕሉን አይተው በማጨብጨብ ብቻ አላለፉትም። እነዚህ ሰዎች ትኬት ገዝተው ከመግባት በቀር ምንም ድርሻ የሌላቸው፣ ነገር ግን ፓርኩን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ፣ አሁን ደግሞ የራሳቸውን ልጆች ይዘው የሚሄዱ ናቸው። አንደኛው ወገን፣ «ይህ ሁሉ ለትናንሽ ሴቶች ልጆች ብቻ ነው። ወንድ ልጄ የት ይሂድ? የአሥር ዓመቷስ ልጄ?» አለ። ሁለተኛው ወገን፣ «ወንድ ልጅ ተረት አይወድም ያለው ማነው? የአምስት ዓመት ልጅ የምትወዳትን ልዕልት አግኝታ ስትደሰት ማየት ለእናትና ለአባት ከማናቸውም ጨዋታ ይበልጣል» ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ የልዕልቱን ነገር ትቶ ወረፋውን አነሣ። «ሥዕሉ ላይ ያለው ቤት ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ገብቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ እስኪወጣ ድረስ ሌላው በፀሐይ ይቆማል። የምትሠሩልን የሚሳፈሩበት ጨዋታ ነው ወይስ ሌላ ወረፋ?» አለ።

ይህን ክርክር ሳነብ ደስ ያሰኘኝ፣ ሁሉም እውነት መያዙ ነው። የተለያዩት የክፉና የደግ ሆነው አልነበረም፤ እያንዳንዱ የሚናገረው በቤቱ ስላለው ልጅ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ያለውና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያለው ስለ አንድ ቦታ አንድ ዐይነት ሐሳብ ሊኖራቸው አይችልም። እኛማ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በአንድ ቤት ውስጥ በጋሪ የምትገፋ ሕፃን፣ ጋን የሚሄድ፣ አንደኛ ደረጃ የሚማር፣ ወደ ጦር ሠራዊት ለመግባት የተቃረበ ወጣት፣ ከእነርሱም ጋር አያት አሉ። «ለቤተሰብ» ሲባል ለየትኛው ቤተሰብ ነው?

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስሙ። በጃንዋሪ 2011 ኩባንያው የተለወጠ ዕቅድ አወጣ። የቲንከር ቤል ሰፈር ቀረ፤ በምትኩ የሰርከስ መልክ ያለው ሰፈር ገባ። የሲንደሬላና የእንቅልፋሟ ልዕልት ቤቶችም ቀሩ፤ የቤል ግን ተሠራ። በመካከሉ የሰባቱ ድንኮች የማዕድን ባቡር የተባለ፣ በዕብራይስጥ ራኬቬት ሃሪም የምንለው ዐይነት ተገባ። ይህ ሁሉ የተለወጠው በወዳጆቹ ወቀሳ ብቻ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ በመካከሉ የፓርኮቹ ክፍል ኀላፊ ተለውጦ ነበር፣ የኩባንያም ሒሳብ ብዙ ነው። ነገር ግን አዲሱ ዕቅድ ወቃሾቹ ጎድሏል ያሉትን ነገር በግልጽ ይዞ መጣ።

አዲሱ ሰፈር በዲሴምበር 2012 ተመረቀ፤ ባቡሩም በሜይ 2014 ተከፈተ። እዚህ ላይ ለወላጅ የሚጠቅም አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። በዚያው ፓርክ ውስጥ ስፔስ ማውንቴን በተባለው ጨዋታ ለመሳፈር የልጁ ቁመት ቢያንስ 112 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በድንኮቹ ባቡር ግን 97 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ልዩነቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ታላቅና ታናሽ አብረው መሳፈራቸውን ወይም ታናሹ እያለቀሰ ውጭ መቅረቱን የሚወስነው ግን ይህ ልዩነት ነው። እኛም ከማኅበራችን ልጆች ጋር ሽርሽር በወጣን ቁጥር የቁመት መለኪያው ሰሌዳ አጠገብ የሚሆነውን አያለሁ። ልጁ በጫማው ጫፍ ይቆማል፤ ሠራተኛው እጁን ያወርዳል፤ እናት የራሷን ተራ ትታ ከልጁ ጋር ትቀራለች። በዲስኒ ፓርኮች ለዚህ የተበጀ ዘዴ አለ። አንዱ ወላጅ ከትንሹ ልጅ ጋር ሲጠብቅ ሌላው ይሳፈራል፤ ከዚያ ያልተሳፈረው ወላጅ ረጅሙን ወረፋ እንደገና ሳይቆም ይገባል። ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም፤ የሚፈልገው የሚያስብ ሰው ብቻ ነው።

ዱምቦም እንዲሁ። ቀድሞ በአንድ ጊዜ የሚዞሩት 16 ዝሆኖች ነበሩ፤ ሁለተኛው ሲጨመር 32 ሆኑ። የጠቀመው ግን መጨመሩ ብቻ አይደለም። በመካከሉ ጥላ ያለው ድንኳን ተሠራ። አዲሱ ዱምቦ ሲከፈት ቤተሰቡ ወደ ድንኳኑ ገብቶ የመጥሪያ መሣሪያ ይቀበልና ልጆቹ በመንሸራተቻው ሲጫወቱ ወላጆች ተቀምጠው ተራቸው እስኪጠራ ይጠብቁ ነበር። ሦስተኛው ወገን ያነሣው የወረፋ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ አገኘ።

ነገር ግን ሁሉ ነገር በትርፍ አይገኝም። ከ1971 ጀምሮ የነበረው የስኖው ዋይት ጨዋታ በሜይ 31 ቀን 2012 ተዘጋ፤ በቦታውም በ2013 ልዕልቶቹን የሚያገኙበት አዳራሽ ተከፈተ። ስለዚህ የልዕልቶቹ ነገር በአንድ በር ወጥቶ በሌላ በር ገባ ማለት ነው። አዲስ ነገር ሲቀርብላችሁ «ምን ይገባል?» ብቻ ሳይሆን «ምን ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜ ልናገር። በዚያው ፓርክ ሚስተር ቶድ የተባለ፣ ስለ አንድ ጉርጥ የመኪና ጉዞ የሚያሳይ ጨዋታ ነበር። በ1997 ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ወዳጆቹ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰው እፓርኩ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጋዜጠኞች ጠሩ። ሰልፋቸው ጨዋና ደስ የሚል ነበር። ሆኖም ውሳኔው ከተቆረጠ በኋላ ስለ ነበር ጨዋታው በሴፕቴምበር 1998 ተዘጋ፤ በምትኩም በ1999 ዊኒ ዘ ፑ ተከፈተ። እነዚያ የጉርጡ ወዳጆች ከ2009ኞቹ ያነሰ ፍቅር አልነበራቸውም። የ2009ኞቹ ግን የተናገሩት ሥዕሉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ፣ አብዛኛው መሠረት ሳይቆፈር ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት፣ ደግሞም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። በኦገስት 2024 ኩባንያው ካርስ በተባለው የመኪናዎች ፊልም ስም አዲስ ሰፈር እንደሚሠራ አስታወቀ። በውስጡ አንዱ ጨዋታ ፈጣን፣ ሌላው ለትናንሽ ልጆች የሚሆን ነው ተባለ። ቦታው ግን ወንዝ፣ መርከብና በታንኳ የሚሻገሩበት የቶም ሶየር ደሴት የነበረበት ነው። ደሴቱ ከ1973 ጀምሮ የነበረ ሲሆን ጁላይ 6 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ አገልግሎ ተዘጋ። ደሴቱ ላይ ዋሻ፣ ድልድይና ምሽግ ነበር። ልጆች ያለ ወረፋ ይሮጣሉ፤ ትልልቆች በዛፍ ጥላ ሥር ያርፋሉ። «የሚሄድበት ሰው ጥቂት ነው፣ ቦታው ለብዙ ልጆች ይዋል» ያሉ ነበሩ። «በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የሚታረፍበት አንድ ቦታ እርሱ ነበር፤ ማረፊያ በሰው ቁጥር አይመዘንም» ያሉም ነበሩ።

በዚህኛው እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ልጅ ሁልጊዜ ማሽን ላይ መታሰር የለበትም። እኛ ስናድግ በመስክ ሮጠን፣ ዛፍ ወጥተን፣ ወንዝ ተሻግረን ነው። እየሮጠ የሚጫወት ልጅ ጨዋታውን ራሱ ይፈጥራል፤ አያቱም አጠገቡ ተቀምጠው ያዩታል፣ ይነግሩታል፣ ይቆጡታል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የተረሳ አይደለምና፤ ጥላ ካለውና ልጆቹን የሚያይ ከሆነ እርሱም የጨዋታው ተካፋይ ነው። የተረሳው ፀሐይ ላይ ዕቃ ሲጠብቅ የሚውለው ነው።

ወገኖቼ፣ ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ በጨዋነት ያደግን ሰዎች ነን። ሹም ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥ አክብሮት ነው ተብለን ተምረናል፤ ይህ መልካም ነው፣ አይቅርብን። ነገር ግን በዚህ አገር በዕቅድ ስብሰባ ላይ ዝምታ እንደ አክብሮት አይቆጠርም፤ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። የፓርኩ ወዳጆች ባለቤት ሳይሆኑ «ያገባናል» ብለዋል። እኛ ግን ግብር የምንከፍልበት፣ ልጆቻችን የሚያድጉበት ሰፈር ነው።

በእስራኤል በ1965 በወጣው የዕቅድና የግንባታ ሕግ መሠረት አንድ የሰፈር ዕቅድ ለተቃውሞ ሲቀርብ በጋዜጣና በቦታው ላይ በሚቆም ሰሌዳ ይገለጣል። ቅር የሚለው ነዋሪም ብዙውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ ሂትናግዱት፣ ማለትም ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። መጫወቻ ዕቃ ብቻ ሲለወጥ ነገሩ በዚህ መንገድ ላያልፍና በኢሪያው ውሳኔ ብቻ ሊያልቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በመትናሱ ስብሰባ መገኘትና ቶሎ መጻፍ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስትናገሩም «አልወደድነውም» ብቻ አትበሉ። ለሦስት ዓመት ልጅ ምን አለ? ለአሥራ ሁለት ዓመቷስ? ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጥላ የት ነው? ጋሪ ይገባል? ውኃና መጸዳጃ ቤት ስንት እርምጃ ይርቃል? ይህ ሲሠራ የሚነሣው ምንድን ነው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማንም መሐንዲስ ሊያልፈው አይችልም፤ ወይ ይመልሳል፣ ወይ ሥዕሉን ያርማል። በመካከላችንም ሐሳብ ቢለያይ አትፍሩ። የሕፃን እናትና የጎረምሳ አባት መለያየታቸው ግድ ነው፤ እቤት ውስጥ ተከራክረን፣ እዚያ ስንደርስ ግን ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ወረቀት ጽፈን እናቅርብ።

እንግዲህ በሰፈራችሁ አዲስ ሰሌዳ ቆሞ ካያችሁ ቀኑን መዝግቡ። ጽሑፉ ከከበዳችሁ ፎቶግራፉን አንስታችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ አምጡት፤ አብረን እናነበዋለን፤ ወጣቶቻችን በዕብራይስጥ ይጽፉታል፤ እናንተ ትፈርሙበታላችሁ።