ለተማሪዎች የብልሃት ውድድር ፈቃደኛ ዳኞችን ስለ ማሠልጠን



ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ሆነው አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ቢጠቃለሉም ሰው እስከ ዛሬ በየስማቸው ይጠራቸዋል። በቡራዩ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም ቆሞአል፤ በአገራችንም አይኮግ ላብስ የሚባለው ድርጅት ሶልቭ አይቲ ብሎ በሰየመው ውድድር ወጣቶች የአካባቢያቸውን ችግር በገዛ ብልሃታቸው እንዲፈቱ አድርጎአል። እንዲህ ያለው ነገር ሲበዛ ልጆቹን ስለ ማዘጋጀት ብዙ ይነገራል፤ በልጆቹ ሥራ ላይ የሚፈርዱትን ሰዎች ስለ ማዘጋጀት ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ዛሬ የሚነገረው ስለ ዳኞቹ ነው።

ዳኛው ደመወዝ የለውም። መምህር፣ ወይም ነጋዴ፣ ወይም ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ይሆናል፤ ቅዳሜውን ትቶ መምጣቱም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ልቡ ቅን የሆነ ሁሉ የሰውን ሥራ መመዘን ያውቃል ማለት አይደለም። በቅንነቱ የሚተማመን ዳኛ ራሱን አይመረምርምና አንዳንድ ጊዜ ከተንኰለኛው ይልቅ እርሱ ያሠጋል።

በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በግላስቦሮ ኮሌጅ ያስተምር የነበረ ሳሙኤል ሚክለስ የሚባል መምህር ለተማሪዎቹ እንግዳ የሆነ ሥራ ይሰጣቸው ነበር። ሲያርማቸውም የሠሩት ነገር ተሳካ ወይስ አልተሳካም ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ ምን ያህል አዲስ ነገር አሰቡ፣ ምን ያህልስ ደፈሩ ብሎ ይመዝን ነበር። ከዚህ አሳብ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ዛሬ ኦዲሲ ኦፍ ዘ ማይንድ የሚባለው የተማሪዎች ውድድር ተወለደ፤ በመጀመሪያውም 28 ትምህርት ቤቶች ተወዳደሩ። ልጆቹ ለብዙ ወራት ለሠሩት መፍትሔ 200 ነጥብ፣ ለአቀራረቡ ውበት 50፣ በዚያው ቀን በድንገት ለሚቀርብላቸው ጥያቄ 100 ይመደባል። ለሥራው የሚያወጡት ገንዘብ በልክ የተወሰነ ነው፤ ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው፣ አባትም ቢሆን መምህር፣ በመፍትሔው እጁን እንዳያገባ ተከልክሎአል።

ለብዙ ወራት የደከሙበትን የሚያሳዩት ግን በ8 ደቂቃ ነው። ዳኛው ልጆቹን ከዚያ በፊት አያውቃቸውም፤ ከዚያም በኋላ ላያገኛቸው ይችላል። በእነዚያ ደቂቃዎች ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያልተማረ እንደ ሆነ፣ ወደሚያብረቀርቀው መሄዱ አይቀርም።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሲያስብ አድሮ የቈጠረውን ቅኔ በአስነጋሪው ፊት ይነግራል፤ አስነጋሪውም ሰምቶ ያርመዋል። አስነጋሪ የሚሆነው ቅኔ ስለ ወደደ ብቻ አይደለም፤ በዚያው መንገድ አልፎ ብዙ ጊዜ ታርሞ ነው እንጂ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን፣ አገባቡንና ዜማውን፣ ሰሙንና ወርቁን እያንዳንዱን ለይቶ ይሰማል። የቤቱ ቍጥር ቢጐድል የምሥጢሩ ጣዕም አይሞላውም፤ ቍጥሩም ቢሞላ ምሥጢር የሌለው ቅኔ አይወደስም። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መናገርም ነውር ነው። (ሥራው ዘረፋ መባሉ የሰው ገንዘብ መውሰድ እንዳይመስል፤ ቅኔን ከልብ አፍልቆ መናገር ማለት ነው።) ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቅኔው መምህር ተማሪውን በየቀኑ ስለሚሰማው ዛሬ የተሳሳተውን ነገ ያቀናዋል፤ የውድድሩ ዳኛ ግን ነገ የለውም።

እንግዲህ ሥልጠናው እንዴት ይሁን? ዳኞቹ ከውድድሩ ቀን አስቀድሞ ይሰበሰቡ፤ ደንቡንም አንድ ሰው እያነበበ ሌላው ከሚያንቀላፋ በሥራ ይማሩት። ለምሳሌ ከሸምበቆ፣ ከቆርቆሮና ከገመድ የተሠራ፣ ውኃ ወደ ላይ የሚያወጣ መሣሪያ ይቅረብላቸው፤ ሁሉም ሳይነጋገሩ ለአዲስነቱ ከ20 ነጥብ ይስጡ። አንዱ 18፣ ሌላው 9 ቢሰጥ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። ይልቁንም ምን አይተህ ነው ተብለው ይጠየቁ። ያን ጊዜ 9 የሰጠው ቆርቆሮው ዝጎ ስላየ መቀነሱ፣ 18 የሰጠውም የልጆቹ ትሕትና ደስ ስላሰኘው መጨመሩ ይገለጥ ይሆናል። ዝገቱም ትሕትናውም በደንቡ ውስጥ የሉም። ወደ ተጻፈው ተመልሰው ሌላ ሥራ ይመዝኑ፤ ልዩነቱ እስኪጠብብ ድረስም ይድገሙት። ይህ ሰዓት የሚፈጅና የሚያሰለች ነው፤ ከሥልጠናው ሁሉ ሊቀር የማይገባው ግን እርሱ ነው።

ከዚህም በላይ በእነዚህ ከተሞች ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ አለ፤ በአማርኛ የሚማርም አለ። በማያዘወትረው ቋንቋ አሳቡን እንዲያስረዳ የተገደደ ልጅ ሲንተባተብ ዳኛው አሳቡ ደካማ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የዳኞች ጉባኤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ይኑር፤ ልጁም በየትኛው እንደሚናገር ራሱ ይምረጥ። በሰበታ ደግሞ መርሐ ዕውራን የሚባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ የሚመጣ ቡድን የሠራውን መሣሪያ ዳኛው በቀለሙ ማማር የመዘነው እንደ ሆነ ልጆቹ በማያዩት ነገር ተፈረደባቸው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዳኛው ሥራውን በእጁ ዳስሶ፣ በጆሮው አድምጦ ይመርምር፤ ይህንንም አስቀድሞ ይለማመድ።

ዝምድናም አለ። በትንሽ ከተማ መምህሩና የተማሪው አባት በአንድ ዕድር ይገናኛሉ፤ ዳኛውም የክርስትና ልጁን በተወዳዳሪዎች መካከል ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የሰበታ ዳኞች ወደ ቡራዩ፣ የቡራዩ ወደ ሱሉልታ፣ የሱሉልታም ወደ ሰበታ ቢሄዱ ይሻላል። ከሱሉልታ ወደ ሰበታ የሚሄድ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባን አቋርጦ ነውና፣ የመሳፈሪያውንና የምሳውን ገንዘብ አዘጋጁ ይክፈለው። ይህ ካልተደረገ መኪና ያለው ብቻ ዳኛ ይሆናል፤ እርሱም በሸምበቆና በዛጎ ቆርቆሮ የተሠራውን እንዴት እንደሚያየው ማሰብ ነው።

ደግሞ ከልጆቹ ጋር ስለ መነጋገር ይማሩ። ዳኛው ልጁን፣ ይህን ማን ሠራልህ ብሎ እንደ ሌባ አይጠይቀው፤ ይልቁንም፣ መጀመሪያ ያሰባችሁት ምን ነበረ፣ ለምንስ ተዋችሁት ይበለው። ራሱ የሠራ ልጅ የተሰበረውንና የጣለውን ሁሉ ደስ ብሎት ይተርካል፤ ያልሠራው ግን የሚተርከው የለውም።

በመጨረሻም ዳኞቹ ለእያንዳንዱ ቡድን፣ ይልቁንም ለተሸነፈው፣ በሥራው ያዩትን አንድ መልካም አሳብና አንድ ሊታረም የሚገባ ነገር በአጭር ቃል ይጻፉለት። ወረቀቱም ውጤቱ በተነገረበት በዚያው ቀን፣ በልጆቹ ቋንቋ ተጽፎ፣ ለልጆቹ በእጃቸው ይሰጥ።